ትናንት ይተኛ ነበር እኮ!

በዚህ ወር የመጡልኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤ ሳነብ አንዲት ቃል ደጋግማ አጋጠመችኝ። «ነበር»። ይተኛ ነበር። ለሁሉም ሰው ትስቅ ነበር። እንግባባ ነበር። ከአንድ አያት በስተቀር ጠያቂዎቹ ሁሉ ገና ትንሽ ልጅ የያዙ ወላጆች ናቸው፤ ዞረው ዞረው የሚጠይቁኝም ያው ነው። ምን አጥፍተን ነው?

ምንም። ልጁ አድጎ ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ጠባዩን አውቀን ጨረስን ያላችሁት ልጅ ሄዷል፣ በሱ ፋንታ ሌላ መጥቷል፤ ስሙና ልብሱ ብቻ ያው ነው። እንዲያውም ልብሱም አይሆነው ይሆናል።

እንደተለመደው ሐኪም አይደለሁም። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ያነበብኩት ብዙ ነው፣ ያልተኛሁት ሌሊት ግን ከሱ ይበልጣል። ልጃችሁን በዓይኑ ያየ ሐኪም የሚላችሁ እኔ ከምላችሁ ይቀድማል። እንግባበት።

«ልጃችን 7 ሳምንቱ ነው። ቀን ቀን ሰላም ነው። ልክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ማልቀስ ይጀምራል፣ እስከ 3፣ አንዳንዴ እስከ 4 ሰዓት አያቆምም። ይጠባል፣ ዳይፐሩ ንጹሕ ነው፣ ትኩሳት የለውም። ሐኪም ዘንድ ወስደነው ‹ጤነኛ ነው› ተብለን ተመለስን። አሁን ከሥራ ስመለስ በሩን ከመክፈቴ በፊት ቆሜ አዳምጣለሁ። ትናንት ማታ ደግሞ ጮህኩበት። የ7 ሳምንት ልጅ ላይ! ምን ዓይነት አባት ነኝ?»
በር ላይ የሚቆመው አባት

ወንድሜ፣ በሩ ጋ ቆመህ ስታዳምጥ ታየኸኝ። የእኔ ባለቤት ይሄንኑ የነገረኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና ያስር ነበር አሉ፣ ሁለት ደቂቃ ለማግኘት። እኔ ደግሞ ውስጥ ሆኜ ልጅ ታቅፌ «ዛሬም አመሸ» እያልኩ ደቂቃ እቆጥርበታለሁ።

ወደ ልጁ እንምጣ። ይሄ ለቅሶ የራሱ የጊዜ ሰሌዳ ያለው ነው። ብዙ ሕፃናት ላይ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው ይጀምራል፣ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይብሳል፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ በ3 ወር፣ ቢዘገይ በ4 ወር ይለቃል። ማታ ማታ መሆኑም የተለመደ ነው። ሞሪስ ዌሰል የሚባል አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በፈረንጆቹ 1954 መለኪያ አወጣለት፤ ጤነኛና በደንብ የሚጠባ ሆኖ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ከ3 ሳምንት በላይ የሚያለቅስ ልጅ። እኛ ቁርጠት ብለን የምንገላገለው ይሄንን ነው። መንስኤው እስከ ዛሬ ቁርጥ ብሎ አልታወቀም፤ ስለዚህ አንዱ መጥቶ «ብርድ ገብቶት ነው»፣ ሌላው «እናቱ የበላችው ነው» ቢልህ እሺ ብለህ እለፈው። አንተ አሁን 7ኛው ሳምንት ላይ ነህ። አናቱ ላይ ነህ ማለት ነው፣ ከዚህ ወዲያ ቁልቁለት ነው።

ታቀፈው፣ ተራመድ፣ መብራት ቀንስ፣ ለብ ባለ ውሃ እጠበው፣ ጆሮው አጠገብ ረዘም አድርገህ «ሽሽሽ» በል። ግን አንዱን ጀምረህ በግማሽ ደቂቃ ወደ ሌላው አትዝለል። እኛ አንድ ማታ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አጥበነው፣ ዘፍነንለት፣ ወዝውዘነው፣ መብራት አብርተን አጥፍተን እንደገና አብርተን፣ መስኮት ከፍተን ዘግተን፣ ልጁ ባያለቅስ ነበር የሚገርመው። እኔም አልቅሻለሁ።

ስለ ጩኸቱ። ጮህክ፣ ደነገጥክ፣ ጻፍክልኝ። መጥፎ አባት ይሄን ሁሉ አይለፋም። ግን አንድ ነገር ያዝልኝ፤ ደምህ ሲፈላ ልጁን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኛው፣ በሩን መለስ አድርግና ውጣ። አምስት ደቂቃ፣ ካስፈለገ አሥር። ፊትህን ታጠብ። በዚያ አምስት ደቂቃ ማልቀሱ አይጎዳውም። መነቅነቅ ግን ይጎዳዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፣ አንገቱ ገና አልጠናም፣ ለጥቂት ሰከንድ በኃይል መነቅነቅ አንጎሉ ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ይሄን ልጁን የሚይዝ ሰው ሁሉ ይወቀው፣ አጎትም ሞግዚትም።

ደግሞ ሐኪሙ ጤነኛ ነው ስላለ ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። ከ3 ወር በታች ያለ ልጅ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ መጥባት እምቢ ካለ፣ ሰገራው ላይ ደም ካያችሁ፣ ወይም ለቅሶው ከወትሮው ተለይቶ የደከመና የተለየ ድምፅ ከሆነባችሁ እስከ ነገ አትጠብቁ።

«4 ወር ከ2 ሳምንቷ ነው። በ3 ወሯ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኝታ ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት ነበር የምትነቃው። ለማን ያልነገርኩት ሰው አለ! አሁን በየሰዓት ተኩሉ ትነሳለች። ‹ወተትሽ አልበቃት ብሎ ነው፣ ምግብ ጀምሪላት› ይሉኛል። እውነት ነው?»
ጉራዬን የበላሁት

እህቴ፣ እኔም በልቻታለሁ። ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ባወራሁ በሦስተኛው ቀን ጀመረችኝ። ይሄን ወሬ ይሰማሉ መሰለኝ።

የሆነው ይሄ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ እንቅልፉ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ጸጥ ያለና የሚንፈራገጥ። ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ግን የአዋቂ ዓይነት መሆን ይጀምራል፣ ቀለል ያለ፣ ጠለቅ ያለ፣ ሕልም የሚታይበት እያለ ይከፋፈላል። አንዱ ዙር አልቆ ሌላው ሲጀምር ደግሞ ሰው ትንሽ ነቃ ይላል። እኔና አንቺ ትራሳችንን አገላብጠን እንቀጥላለን፣ ጠዋት ትዝም አይለን። እሷ ግን ይሄን ገና መልመዷ ነው። መኪና ውስጥ ባልሽ ትከሻ ላይ ተደግፈሽ እንቅልፍ ወሰደሽ እንበል፤ ስትነቂ ትከሻው የለም፣ መኪናውም የለም። ዝም ትያለሽ? ጡት አፏ ውስጥ እያለ የተኛች ልጅ አልጋ ላይ ስትነቃ እንዲሁ ነው የሚሆንባት።

ሌላም አለ። በዚህ ዕድሜ ዓለም ጣፍጣታለች። ስትጠባ በር ከተከፈተ ዞራ ታያለች፣ ሰው ከሳለ ዞራ ታያለች፣ ቀን ያልጠባችውን ሌሊት ታካክሰዋለች። ቀን አንድ ሁለቴ ጨለም ባለ፣ ድምፅ በሌለበት ክፍል አጥቢያት። ልዩነቱን ታይዋለሽ።

ወተቱ መብቃቱን የምታውቂው በእንቅልፏ አይደለም። በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር ታረጥባለች? ክብደቷ እየጨመረ ነው? አብዛኛው ሕፃን ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርሳል። እነዚህ ካሉ ወተትሽ ይበቃታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ነው፤ እንቅልፍ ፍለጋ ብለሽ አትጀምሪላት።

የምመክርሽ ትንሽ ነገር ነው። ድምፅ ስትሰሚ ወዲያው አትነሺ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ቆይ። እኔ አንድ ሌሊት ልጄ ስታቃስት ሰምቼ ብድግ አድርጌ ታቀፍኳት፤ ለካ ተኝታ ነው የምታቃስተው። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እስከ 10 ሰዓት አልተኛችም። ራሴ ቀስቅሼ ራሴ አማረርኩ። በቀን ውስጥ ደግሞ ለአንዱ እንቅልፏ ዓይኗ ሲከብድ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትተኛ አልጋዋ ላይ አስቀምጫት። ካለቀሰች አንሺያት፣ ነገ ድገሚው። ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንት ይረግባል፤ ሲመለስ ግን ለማንም አትናገሪ።

«ልጄ፣ እኔ አራት ልጅ አሳድጌያለሁ። ሁሉንም በሆዳቸው አስተኝቼ ነው ያሳደግሁት። የልጅ ልጄ 2 ወሩ ነው። በሆዱ ሳስተኛው ምራቴ መጥታ ነጠቀችኝ። ሙቀት ነው ብዬ ትንሽ ውሃ ልስጠው ስል ‹አይቻልም› አለችኝ። ትራስም የለው ምስኪን፣ ባዶ አልጋ ላይ ነው የሚተኛው። እንደማላውቅ ሆንኩ። ቅር ብሎኛል።»
አያት

እናቴ፣ ቢቀየሙም አይፈረድብዎትም። ልጅ ከእጅ መነጠቅ ያማል። እርስዎ ያደረጉትም ስሕተት ሆኖ አይደለም፤ ያኔ በብዙ አገር ሐኪሞቹ ራሳቸው በሆዱ አስተኙ ይሉ ነበር፣ ካስመለሰው ትን እንዳይለው ብለው። በኋላ ግን ሲጠና በእንቅልፋቸው ድንገት የሚሞቱ ጨቅላዎች በሆዳቸው ከተኙት መካከል በብዛት ተገኙ። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1994 «በጀርባ አስተኙ» የሚል ዘመቻ ተጀመረ፤ በተከታዮቹ ዓመታት እንዲህ ዓይነቱ ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ጤነኛ ልጅ በጀርባው ተኝቶ ቢያስመልሰው ጉሮሮው ራሱን ይከላከላል። ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና አሻንጉሊት ደግሞ አፍንጫውን ሊሸፍኑት ስለሚችሉ ነው አልጋው ባዶ የሆነው። ለዓይን ይከፋል፣ አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ሳየው እስር ቤት መሰለኝ።

ውሃውን በተመለከተ ምራትዎ ልክ ናት። የእናት ጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሙቀት ሲሆን ደጋግሞ መጥባት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ከ6 ወር በፊት ውሃ ሲሰጠው ትንሿ ሆዱ በማይጠቅም ነገር ትሞላለች፣ ሲበዛም ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ቀጥኖ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በጣት ጫፍም አይቅመስ፤ ለኛ ምንም የማያደርግ፣ እሱን ግን የሚመርዝ ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል።

አሁን ለእርስዎ አንድ ሥራ ልስጥዎት። ልጁ በሆዱ መሆን ያስፈልገዋል፣ ነቅቶ ሳለ ነው እንጂ። አንገቱና ትከሻው የሚጠናው በዚያ ነው። እርስዎ ጋደም ይበሉና ደረትዎ ላይ በሆዱ ያድርጉት፣ ቀና ብሎ ፊትዎን ለማየት ይታገላል። መጀመሪያ ሦስት ደቂቃም ብዙ ነው። በቀን ሁለት ሦስቴ፣ እርስዎ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላለዎት ብቻ። ይሄን ምራትዎ አትነጥቅዎትም።

ምራቲቱም ይሄን የምታነቢ ከሆነ፣ ልክ ነሽ። ግን ልጁ እጃቸው ላይ ሳይሆን በፊት ተነጋገሩ።

አጫጭሮቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

ልጇ 4 ወር ሊሞላው ነው፣ ጸጉሯ ማበጠሪያው ላይ በእፍኝ እየቀረ አስፈርቷታል። በእርግዝና ጊዜ ሊረግፍ የሚገባው ጸጉር ሳይረግፍ ይቆያል፤ ከወለዱ ከ3 እስከ 4 ወር ገደማ ያ ሁሉ ተጠራቅሞ አንዴ ይወርዳል። አብዛኛው በዓመቱ ይመለሳል። የሻምፑ ገንዘብሽን ቆጥቢው። ዓመት አልፎት ካልቆመ ወይም ድካሙ ልክ ካጣ ተመርመሪ።

የጠባችውን ጠብታ ሳትቀር ትመልሳለች፣ መልሳ ደግሞ ትስቃለች ያለው አባት፣ እየሳቀች ከሆነና ክብደት እየጨመረች ከሆነ ችግሩ የሸሚዝህ ነው። የምግብ ቧንቧዋን የሚዘጋው ጡንቻ ገና አልጠነከረም። 4 ወር አካባቢ ይበዛል፣ ዓመት ሲሞላት አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። ካጠባችሁ በኋላ አስገሷት፣ ትንሽ ቀጥ አድርጋችሁ ያዟት። እየተስፈነጠረ የሚወጣ ከሆነ ወይም ክብደቷ ከቆመ ግን ሐኪም ይያት።

39 ዲግሪ አተኮሰው፣ ጥርስ ሊያወጣ ነው መሰለኝ ያልሽው። አይደለም! ጥርስ ድድ ያሳብጣል፣ ለሃጭ ያዝረከርካል፣ ጠባይ ያበላሻል፤ 39 ዲግሪ ግን አያመጣም። በጥርስ አሳብበን የጆሮና የሽንት ሕመም ሳናይ እንዳንቀር። ይሄ አምድ እጅሽ እስኪገባ ሐኪም ዘንድ እንደወሰድሽው ተስፋ አደርጋለሁ።

«ልጃችን 5 ወሩ ነው። ባለቤቴ ‹አትረዳኝም› ትለኛለች። እኔ ግን ‹ምን ልርዳሽ?› ብዬ የማልጠይቅበት ቀን የለም። ስጠይቃት ትናደዳለች። ያጠብኩትን ጡጦ እንደገና ታጥበዋለች። ልብስ ሳለብሰው አውልቃ ደግማ ታለብሰዋለች። ድሮ ስንት ነገር እናወራ ነበር፣ አሁን የምናወራው ስለ ዳይፐር ነው። ምን ልሁን?»
ረዳት አባት

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንተን፣ ቀጥሎ እሷን።

«ምን ልርዳሽ?» ደግ ጥያቄ ናት። ችግሩ ጥያቄዋ ራሷ ሥራ መሆኗ ነው። ምን እንደጎደለ ማየት፣ ማስታወስ፣ ላንተ መንገር፣ መሠራቱን መከታተል፤ ይሄ ሁሉ እሷ ጋ ይቀራል፣ አንተ ጋ የሚመጣው የመጨረሻዋ አምስት ደቂቃ ናት።

አንድ ነገር ላሳይህ። ትልቁ ልጄ 5 ወር አካባቢ ሆኖ ባለቤቴ የልብስ መሳቢያው ፊት ቆሞ አገኘሁት። ልጁ ዳይፐር ብቻ ለብሶ አልጋ ላይ ይንፈራገጣል፣ እሱ ደግሞ እጁ ላይ ያለችውን ቢጫ ቲሸርት አንገት በሁለት ጣቱ ይለጥጣል። «ያለፈው ሳምንት ትሆነው ነበር እኮ!» አለኝ። ጭንቅላቱ አላልፍ ብሏል። መሳቢያው ውስጥ ደግሞ ልኩ የሆኑ ልብሶች ነበሩ፣ ከታች፣ እኔ ብቻ በማውቀው ቦታ። ያኔ ገባኝ፤ ትንንሹን ለቅሞ የሚያወጣ፣ ትልልቁን አጥቦ የሚያስገባ፣ የሚቀጥለውን ልክ ቀድሞ የሚያስብ አንድ ሰው ነበር፣ ማንም ሲሠራው አላየውም፣ እኔም አላየሁትም። ልጅ ሲያድግ ይሄ ሥራ በየሁለት ወሩ እንደ አዲስ ይወለዳል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብሱ የሱ ሆነ። ማልበሱ ብቻ አይደለም፣ መሳቢያው ጭምር። የማይሆነውን ማውጣት፣ የጎደለውን ማወቅ፣ ቁልፍ የተበጠሰበትን መጣል። እኔ አላይም፣ አልጠይቅም። አንተም አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ ውሰድ። ገላውን ማጠብ ከሆነ ሳሙናው ማለቁን ፎጣው መድረቁን ጨምረህ ነው። የክትባት ቀጠሮ ከሆነ ካርዱ ያንተ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ሁለት ነገር ከያዝክ ከመጠየቅ ትድናለህ።

አሁን ለሷ። እህቴ፣ ያጠበውን ጡጦ ደግመሽ ካጠብሽ ከሦስት ቀን በኋላ አያጥብም። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ አስተዋልኩ፣ አረምኩ፣ ደገምኩ፣ በመጨረሻ እሱ ሲተወው «አያጥብም» ብዬ ለእናቴ ከሰስኩት። ንጽሕናና ደኅንነት ላይ ተነጋገሪ፣ አሳዪው። ወደ ኋላ የተለበሰ ቲሸርት ግን ልጁን አያመውም። በኋላ ስታወልቂው ያው ነው።

ሌሊቱን ደግሞ ክፈሉት። ሁለታችሁም አብራችሁ ከምትነሱና ሁለታችሁም ጠዋት ሙት ሆናችሁ ከምትነጫነጩ፣ አንዱ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይያዝ፣ ሌላው ከ8 በኋላ። የምታጠባ ከሆነ የማጥባቱ ሥራ የሷ ነው፣ ማምጣቱ፣ ማስገሳቱ፣ ዳይፐር መቀየሩ፣ መልሶ ማስተኛቱ ያንተ። አምስት ሰዓት ያልተቆረጠ እንቅልፍ ትዳር ያድናል ብል አላጋነንኩም። እኛ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የተባለ ነገር አይቆጠርም። ያልተባባልነው አልነበረም፣ ጠዋት ይሰረዛል።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ማልቀስ፣ መከፋት፣ ሆድ መባስ በጣም ብዙ እናቶች ላይ ያለና የሚያልፍ ነው። ከሁለት ሳምንት ከዘለለ፣ ምንም ደስ የማያሰኛት ከሆነ፣ ልጁ ተኝቶም መተኛት ካልቻለች፣ «እኔ ባልኖር ይሻላል» ዓይነት ነገር ከወጣት፣ ይሄ የድካም ጉዳይ አይደለም፣ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ወራት ካለፉም በኋላ ሊጀምር ይችላል። አባቶችንም ይይዛል፣ እነሱ ላይ ብዙ ጊዜ በንዴትና ከቤት በመሸሽ ነው የሚታየው። አብራችሁ ሂዱ። «ሂጂ» አይባልም፣ «እንሂድ» ነው የሚባለው።

«ልጄ 9 ወሯ ነው። ለሁሉም ሰው ትስቅ ነበር። አሁን አጎቷ ሲመጣ እሪ ትላለች፣ እሱም ተቀይሟል። እኔን ደግሞ ሽንት ቤት እንኳ አታስገባኝም። በ2 ሳምንት ውስጥ ሥራ እመለሳለሁ። ሳታየኝ ሹልክ ብዬ ልውጣ?»
ታግታለች

የእኔዋ በዚሁ ዕድሜዋ የሽንት ቤቱ በር ሥር ባለው ክፍተት አራት ትንንሽ ጣቶች ታስገባ ነበር። ከውስጥ ሆኜ እዘፍናለሁ፣ ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። ዘፈኑ ካቆመ ለቅሶ ነው።

ይሄ የመቅበጥ ጉዳይ አይደለም። ከጥቂት ወራት በፊት ከዓይኗ የተሰወረ ነገር ለሷ አልነበረም። አሁን አእምሮዋ አድጎ አንቺ ሳትታዪም እንዳለሽ አውቃለች። መቼ እንደምትመለሺ ግን አታውቅም። አለሽ፣ እዚህ ግን አይደለሽም፤ እስቲ አስቢው። 8 ወር ገደማ ይጀምራል፣ ከ10 እስከ 18 ወር ባለው ይጠነክራል፣ ከዚያ ይረግባል።

ሹልክ አትበይ። ለዛሬ ይመችሻል፣ ከነገ ጀምሮ ግን ዞር ባልሽ ቁጥር ትደነግጣለች፣ እናቷ በማንኛውም ደቂቃ ልትጠፋ እንደምትችል ተምራለችና። ስትወጪ ተሰናበቻት። አጭር፣ በየቀኑ ያው ቃል፣ ያው መሳም። በሩ ላይ ቆመሽ አትንቀርፈፊ፣ አታልቅሺም (መኪና ውስጥ ይቻላል)። የምትይዝላት ሰው ከአሁኑ ትምጣና አንቺ ባለሽበት ሁለት ሦስት ቀን ይጫወቱ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ውጪ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት። በጨርቅ ፊትሽን ሸፍነሽ «አለሁ!» የምትዪው ጨዋታም ቀልድ እንዳይመስልሽ፣ ይሄንኑ ትምህርት ነው የምታስተምሪያት።

ለአጎትየው ንገሪልኝ፤ ይግባ፣ ይቀመጥ፣ ልጅቷን አይያት። አንድ የሚንኮሻኮሽ ነገር ይዞ ለብቻው ይጫወት። በሩብ ሰዓት ውስጥ እሷ ራሷ ትመጣለች። እጅ ዘርግቶ እየተንደረደረ የሚመጣ ትልቅ ሰው እኔም ያስፈራኛል።

«ልጄ 11 ወሩ ነው፣ አይድህም። በቂጡ እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው። የእህቴ ልጅ በ10 ወሩ ቆሞ ሄዷል። እህቴ ‹መራመጃ ግዢለት› ትለኛለች።»
ያላስቻላት

በእጅና በጉልበት ሳይድሁ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ልጆች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2006 ባወጣው የአምስት አገር ጥናት ከ100 ሕፃናት 4 ያህሉ እንዲያ ናቸው። በዚያው ጥናት ጤነኛ ልጆች ብቻቸውን መራመድ የጀመሩበት ጊዜ ከ8 ወር ገደማ እስከ 18 ወር ገደማ ነው። የአሥር ወር ልዩነት! የእህትሽ ልጅና ያንቺ ሁለቱም እዚያ ውስጥ ናቸው። ሐኪም የሚያስፈልገው አንዱን ጎኑን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ካልቻለ፣ ይችለው የነበረውን ከተወ፣ ወይም 18 ወር ሞልቶት ካልሄደ ነው።

ጎማ ያለውን መራመጃ አትግዢ። መራመድን አያፈጥንም፤ ልጁን ግን በሰከንድ ውስጥ ወደ ደረጃና ወደ ምድጃ ያደርሰዋል። ካናዳ በፈረንጆቹ 2004 ሽያጩን ጭራሽ አግዳዋለች። በባዶ እግሩ መሬት ላይ ልቀቂው፣ በቂ ነው። ለእህትሽ የምትመልሺላትን ደግሞ ራስሽ ታውቂያለሽ።

«ዓመት ሊሞላው 10 ቀን ቀርቶታል። ትናንት የመጀመሪያ እርምጃውን ተራመደ፣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሞግዚቷ ደውላ ነገረችኝ፣ ደስ ብሏት። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አሁን የመጀመሪያው የቱ ነው የሚባለው?»
ያላየሁት

የኔ እህት፣ የእኔን ልጅ የመጀመሪያ እርምጃ ያየው ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰው ነው። እኔ ጓዳ ነበርኩ። «እቺ ልጅ ስንት ጊዜዋ ነው? አሁን ወደ እኔ መጣች እኮ» አለኝና ወደ ቧንቧው ተመለሰ። ስሙን እንኳ አላውቀውም። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ የጻፍኩት ግን ከሦስት ቀን በኋላ ከሶፋው ተነስታ ወደ እኔ የመጣችበትን ቀን ነው፣ ሦስት እርምጃ፣ አራተኛው ላይ ጉልበቴን ይዛ ወደቀች። ማንም መጥቶ አላረመኝም።

አንቺም ዛሬ ማታ መሬት ላይ ተቀመጪ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለሽ። ካልመጣ ነገ ይመጣል። ሞግዚቷን ደግሞ ደስታዋን አትቆጪባት፤ ልጅሽ ሲራመድ የሚደሰት ሰው ቤትሽ አለ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ። ወደ አንቺ ሲመጣ ስልክሽን ፍለጋ አትሩጪ፣ ዓይንሽን ከሱ አትንቀዪ። እና ትንሹ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ያለውን ብርጭቆ፣ እሱን አሁኑኑ አንሺው።